ስለ ትንባሆ ጭስና ስለ ሰው አእምሮ

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተደረገ ንግግር



 እኔ ሐኪም አይደለሁም። በቤተ ክህነት ትምህርት ያደግሁ፤ ኑሮዬም በብዕርና በመዝገብ መካከል የሆነ ጸሓፊ ነኝ። ስለዚህ በዚህ ነገር የምናገረው ከራሴ አመንጭቼ ሳይሆን፤ ሊቃውንት መርምረው የጻፉትን አንብቤና አመዛዝኜ ነው። ትንባሆ በሳንባና በልብ ላይ ስለሚያመጣው በሽታ ሐኪሞች በየጊዜው ስለሚያስተምሩን እርሱን አልደግመውም። የኔ ንግግር ትንባሆ በማሰብ፤ በማስተዋልና በማስታወስ ላይ ስለሚያደርገው ነገር ነው።

ይህን አርእስት የመረጥሁበት ምክንያት እንዲህ ነው። ትንባሆ ሳንባን እንደሚጎዳ የሚያምን ሰው እንኳ፤ «ሲጃራ አሳብን ይሰበስባል፤ እንቅልፍን ያባርራል፤ ልብን ያነቃል» ሲል ብዙ ጊዜ ይሰማል። ፈተና የቀረበበት ተማሪ፤ ሌሊት የልጆችን ደብተር የሚያርም መምህር፤ ሒሳቡ አልገጥም ያለው ጸሓፊ፤ ሰውነቴ ቢጎዳም አእምሮዬ ይጠቀማል እያለ ራሱን ያጽናናል። ልጆችም ይህንኑ ከታላላቆቻቸው ይሰማሉ። እንግዲህ ይህ አባባል እውነት ከሆነ እውነት ነው ልንል፤ ሐሰት ከሆነም ሐሰትነቱን በማስረጃ ልንገልጥ ይገባናል። መምህር ነገሩን ሳይመረምር ቢያወግዝ፤ አስተዋይ ተማሪ አንድ ቀን ስሕተቱን ሲያገኝበት የቀረውን መልካም ምክር ሁሉ አብሮ ይጥለዋልና።

ትንባሆ ከወዴት እንደ መጣ

ትንባሆ በጥንት ዘመን በአገራችንም ሆነ በአውሮፓ አይታወቅም ነበር። የተክሉ አገር አሜሪካ ነው። ኮሎምቦስ በ1492 ዓመት ወደዚያ በደረሰ ጊዜ ባልንጀሮቹ ያገሩ ሰዎች የዚህን ቅጠል ጭስ ሲስቡ አዩ። (የውጭ አገር ነገር ሳነሣ ዘመኑን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በ1560 ገደማ በፖርቱጋል የፈረንሳይ መልእክተኛ የነበረው ዣን ኒኮ ቅጠሉን መድኃኒት ነው ብሎ ወደ አገሩ ቤተ መንግሥት ሰደደው። ስለዚህ ተክሉ በሊቃውንት ቋንቋ በርሱ ስም ተጠራ። በ1828ም ሁለት የጀርመን አገር ሊቃውንት በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ዋናውን ነገር ለይተው ባወጡት ጊዜ ኒኮቲን ተባለ። ይህ ኒኮቲን ብቻውን ሲለይ ብርቱ መርዝ ነው፤ ገበሬዎችም የእህልን ተባይ ለመግደል ሲሠሩበት ኖረዋል።

ትንባሆ በየአገሩ ገና ሲገባ የተቃወሙት ነገሥታት ነበሩ። የእንግሊዝ ንጉሥ ቀዳማዊ ጄምስ በ1604 ትንባሆን የሚነቅፍ መጽሐፍ ጽፎ፤ ከነቀፋው አንዱ ጭሱ አንጎልን ይጎዳል የሚል ነበር። በአገራችንም ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. የነገሡት አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትንባሆን በብርቱ መከልከላቸው በታሪክ የታወቀ ነው። ነገር ግን በዚያ ዘመን የነበረው ክልከላ በመጥላትና በመጠርጠር ላይ የቆመ ነበር እንጂ ጉዳቱን በሚዛን የመዘነ፤ በቁጥር የቈጠረ አልነበረም። ዛሬ ግን የመዘኑና የቈጠሩ አሉ።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድመን እንረዳ። ትንባሆ በጋያ ቢጨስ፤ ሱረት ሆኖ በአፍንጫ ቢሳብ፤ በጉንጭ ቢያዝ፤ በወረቀት ተጠቅልሎ ሲጃራ ቢባል፤ በውስጡ ያለው ኒኮቲን ያው ነው። በኤሌክትሪክ እየጋለ የሚተነው አዲሱ ዓይነትም ብዙውን ጊዜ ይህንኑ ኒኮቲን የያዘ ነው። ስለዚህ «እኔ የምስበው በውኃ የተጣራ ነው» ወይም «እኔ ጭስ አላወጣም» የሚል ሰው ከኒኮቲን ቀንበር አልወጣም።

ጭሱ በአንጎል ውስጥ የሚሠራው ሥራ

ሰው የሲጃራን ጭስ ወደ ውስጥ በሳበ ጊዜ ኒኮቲኑ ከሳንባ ወደ ደም ገብቶ ከ10 እስከ 20 ሴኮንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ከአንጎል ይደርሳል። ይህም አንድ ሰው አቡነ ዘበሰማያትን ደግሞ ከመፈጸሙ በፊት ማለት ነው።

በአንጎላችን ውስጥ ቁጥራቸው እጅግ የበዛ ነርቮች አሉ። እነርሱም ወሬ የሚቀባበሉት፤ ሹማምንት በደብዳቤ እንደሚላላኩ፤ ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው በሚገባ መልእክተኛ ነው። ከነዚህ መልእክተኞች አንዱ አሴቲልኮሊን ይባላል። ነገርን ልብ ብሎ ለመስማትና የሰሙትን ለማስታወስ የዚህ መልእክተኛ ሥራ እጅግ ያስፈልጋል። ኒኮቲን መልኩ ይህን መልእክተኛ ይመስላል። ስለዚህ ሐሰተኛ ማኅተም እንዳለበት ደብዳቤ፤ ማንም ሳይልከው ወደ ነርቮቹ ደጃፍ ሄዶ ይገባል፤ ነርቮቹም እውነተኛ ትእዛዝ የመጣላቸው መስሏቸው ይነቃሉ። ከዚህም ጋራ ዶፓሚን የሚባለውን ደስታን የሚሰጥ ነገር ያፈልቃሉ። አጫሹ «ልቤ ነቃ፤ አሳቤ ተሰበሰበ» የሚለው ይህን ነው።

እውነቱን ለመናገር፤ ሊቃውንት ሰዎችን ፈትነው ኒኮቲን ትኩረትንና ማስታወስን ለጊዜው ጥቂት ከፍ እንደሚያደርግ አይተዋል። ይህን አንክድም። ነገር ግን የሚቀጥለውን ሳንሰማ አንፍረድ።

አንጎል ብልህ ነው። ሐሰተኛው መልእክተኛ በየቀኑ መምጣቱን ባየ ጊዜ ሥርዓቱን ለርሱ ያስተካክላል፤ የሚቀበሉትንም ደጃፎች ቁጥር ያበዛል። ኒኮቲኑ ግን በደም ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ በ2 ሰዓት ያህል ግማሹ ያልቃል። በዚያን ጊዜ እነዚያ የበዙ ደጃፎች ባዶ ሆነው ይጮኻሉ። ሰውየው ይቆጣል፤ ይቅበጠበጣል፤ የጀመረውን መስመር ሳይጨርስ ዓይኑ ከመጽሐፉ ይነሣል፤ አሳቡ ይበተናል። ሌላ ሲጃራ ሲያቃጥል ይረጋጋል። እርሱም «አያችሁ፤ ሲጃራ አሳቤን ሰበሰበልኝ» ይላል።

ይህ ነገር የአራጣ አበዳሪን ሥራ ይመስላል። አራጣ አበዳሪ ድኻውን ገበሬ በመጀመሪያ በጥቂት ገንዘብ ይረዳዋል። ከዚያ በኋላ ገበሬው ዓመት ከዓመት የሚያመርተው ዕዳውን ለመክፈል ይሆናል። አንድ ቀን አበዳሪው ከወሰደው እህል አንድ ቁና መልሶ ቢሰጠው ገበሬው እጅ ይነሣል፤ የተሰጠው ግን የራሱ እህል ነው። ትንባሆም አስቀድሞ የወሰደውን ፀጥታና ማስተዋል በየሲጃራው እየቆነጠረ ይመልሳል፤ አጫሹም እንደ ስጦታ ይቀበለዋል። ከማያጨስ ጓደኛው በላይ የሆነ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ያደረገው ጓደኛው ያለ ዋጋ ከቆመበት ስፍራ ለጥቂት ሰዓት ተመልሶ መድረስ ነው። «በሬ ካራጁ ይውላል» የተባለው ለዚህ የተገባ ነው።

ስለ ከሰል ጭስ ምሳሌ

ሁለተኛው ጉዳት ከኒኮቲን ሳይሆን ከጭሱ የሚመጣ ነው። በክረምት ሌሊት በር ዘግቶ ከሰል አንድዶ የተኛ ሰው ራሱን አሞት፤ ዞሮበት እንደሚነሣ፤ አንዳንዱም ሳይነሣ እንደሚቀር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ያንን ጉዳት የሚያደርሰው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታና ቀለም የሌለው አየር ነው። ይህ አየር በትንባሆ ጭስ ውስጥም አለ።

ደማችን ከሳንባ ንጹሕ አየር፤ ይኸውም ኦክሲጅን፤ ተሸክሞ ወደ አካላት ሁሉ ያደርሳል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ደሙን ይይዘዋል። እንግዲህ አህያው በድንጋይ ከተጫነ እህሉን በምን ይሸከማል? አንጎል ከሰውነታችን ክብደት ከመቶው 2 እጅ ያህል ብቻ ሲሆን፤ ከምንተነፍሰው ኦክሲጅን ከመቶው 20 እጅ ያህሉን የሚወስድ እርሱ ነው። ስለዚህ ኦክሲጅን ሲያንስ የሚቸገር አካል አንጎል ነው። ሲጃራ የሚያጨስ ሰው እንደ ከሰሉ ጭስ ወዲያው አይወድቅም፤ ጥቂት ጥቂቱን ግን ቀኑን ሙሉ ይቀበላል።

ከዚህም በላይ የትንባሆ ጭስ የደም ሥሮችን ግድግዳ እያቈሰለ ያጠባቸዋል፤ ያደርቃቸዋልም። የመስኖ ቦይ በደለል ሲደፈን ከቦዩ መጨረሻ ያለው ማሳ እንደሚደርቅ፤ የአንጎል ቀጫጭን የደም ሥሮች ሲጠቡ ከነርሱ የሚጠጡት ነርቮች ይደክማሉ። አንዱ ታላቅ ሥር በድንገት ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ ሰውየው አንደበቱ ይያዛል፤ ግማሽ አካሉም ይሰንፋል። አጫሽ ለዚህ በሽታ ከማያጨሰው ይልቅ የቀረበ ነው።

ስለ ልጆች አእምሮ

መምህራን ሆይ፤ ከዚህ በታች ያለውን በተለይ ለእናንተ እናገራለሁ። የሰው ቁመት በ18 ወይም በ20 ዓመቱ ይፈጸማል። አንጎሉ ግን እስከ 25 ዓመት ገደማ ሥራው አይፈጸምም። በመጨረሻ የሚበስለውም ከግንባራችን በስተ ኋላ ያለው ክፍል ነው። የዚህም ክፍል ሥራው አስቀድሞ ማሰብ፤ ራስን መግዛት፤ መልካሙንና ክፉውን መዝኖ መምረጥ ነው። ቤቱ ገና በመሠራት ላይ ሳለ፤ ጭቃው ሳይደርቅ፤ ሐሰተኛው መልእክተኛ ገብቶ ደጃፎቹን እንደ ፈቃዱ ቢያበዛ ቤቱ በዚያ መልክ ይደርቃል። ስለዚህ ልጅ በትንባሆ ልማድ ቶሎ ይያዛል፤ ትኩረቱና ራሱን የመግዛት ኃይሉም ይጎዳል። በአሜሪካ እንደ ታየው ዕለት ዕለት ከሚያጨሱት ጎልማሶች ከ10ሩ 9 ያህሉ የመጀመሪያውን ሲጃራ የቀመሱት 18 ዓመት ሳይሞላቸው ነው። እንግዲህ ይህ ልማድ የሚገባው በልጅነት በር ነው፤ የዚያም በር ጠባቂዎች እናንተና ወላጆች ናችሁ።

ልጁ ራሱ ባያጨስም የሌላውን ጭስ ሲስብ ይጎዳል። በአሜሪካ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ የትምህርት ቤት ልጆች ደማቸው ተመርምሮ፤ የሌላ ሰው ጭስ ምልክት በብዛት የተገኘባቸው በንባብና በሒሳብ ፈተና ዝቅ ብለው ተገኝተዋል። በአንድ ክፍል ጎጆ ውስጥ አባት ሲያጨስ ቤተ ሰቡ ሁሉ ያጨሳል ማለት ነው።

ሊቃውንት ያደረጉት ምርመራ

1ኛ። በ2010 በእስራኤል አገር የተጻፈ አንድ ምርመራ አለ። ለውትድርና ከተጠሩት የ18 ዓመት ወንዶች ልጆች ከ20,000 የሚበልጡት በማስተዋል ፈተና ተፈትነው ነበር። የሚያጨሱት ከማያጨሱት ዝቅ ያለ ውጤት አገኙ። ከአንድ እናትና አባት በተወለዱ ወንድማማቾች መካከል እንኳ የማያጨሰው ወንድም ከሚያጨሰው በልጦ ተገኘ።

ነገር ግን ከእናንተ አንዱ ተነሥቶ፤ «የትኛው ይቀድማል? ትንባሆ አእምሮውን ዝቅ አደረገውን? ወይስ ፊቱንም በትምህርት የደከመው ልጅ ነው ወደ ትንባሆ የሚሄደው?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ትክክል ነው። ይህ የእስራኤል ምርመራ ብቻውን ለዚህ ጥያቄ አይመልስም። የሚመልሰው ቀጥሎ ያለው ነው።

2ኛ። በስኮትላንድ አገር በ1947 በሰኔ ወር በአንድ ቀን፤ በ1936 የተወለዱት ልጆች ሁሉ ማለት ይቻላል፤ ከ70,000 የሚበልጡ፤ በየትምህርት ቤታቸው ተፈተኑ። ዕድሜያቸው 11 ዓመት ነበር፤ ያን ጊዜ ልጆች ስለ ሆኑ የትንባሆ ልማድ ገና አልያዛቸውም። መምህራኑም የፈተናውን ወረቀት በጥንቃቄ አኖሩት። ከ50 ዓመት የሚበልጥ ጊዜ ካለፈ በኋላ ሊቃውንት ያንን መዝገብ አውጥተው በአበርዲን ከተማ ከነዚያ ልጆች መካከል 465ቱን በ64 ዓመት ዕድሜያቸው እንደ ገና ፈተኗቸው። እያንዳንዱን ሰው በ11 ዓመቱ ካገኘው ውጤት ጋራ እያስተያዩ ቢመለከቱ፤ እስከዚያ ጊዜ ድረስ የሚያጨሱት ከማያጨሱትና ካቆሙት ይልቅ ዝቅ ብለው ተገኙ። ልዩነቱ ታላቅ አልነበረም፤ ነገር ግን ነበረ። በልጅነቱ እኩል የነበረው ሰው በሽምግልናው ወደ ኋላ ቀረ። መምህራን ሆይ፤ ይህን ፍሬ የሰጠው የመንደር መምህራን በጥንቃቄ የጠበቁት የውጤት መዝገብ መሆኑን ልብ በሉ።

3ኛ። በለንደን ከተማ ከ1985 ጀምሮ ከ10,000 የሚበልጡ የመንግሥት ጸሓፊዎችና ሠራተኞች ሲመረመሩ ኖረዋል። ስለ እንደኔ ያሉ ሰዎች የተጻፈ ስለ ሆነ ይህን በተለይ አንብቤዋለሁ። በ2012 በወጣው ጽሑፍ ከ5,000 የሚበልጡ ወንዶችና ከ2,000 የሚበልጡ ሴቶች በ10 ዓመት ውስጥ 3 ጊዜ ተፈትነው፤ የሚያጨሱት ወንዶች ጠቅላላ የአእምሮ ኃይላቸውና ማመዛዘናቸው ከማያጨሱት ይልቅ ፈጥኖ ሲወርድ ታየ። የ50 ዓመት አጫሽ አእምሮው የ60 ዓመት የማያጨስ ሰውን ያህል ይወርዳል ማለት ነው። በሴቶቹ ላይ ግን ይህ ልዩነት አልታየም፤ ምናልባት የሚያጨሱት ትንባሆ መጠኑ ስላነሰ ይሆናል ተብሏል። ደስ የሚያሰኘው ነገር ግን ይህ ነው፤ ካቆሙ 10 ዓመት የሞላቸው ወንዶች ከቶ ካላጨሱት ሰዎች ጋራ እኩል ሆነው ተገኙ።

4ኛ። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ 21,123 ሰዎች ተመርምረው፤ በጉልማስነታቸው በቀን ከ2 ፓኮ በላይ ያጨሱ የነበሩት በሽምግልናቸው አእምሮን በሚያጠፋው የመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከማያጨሱት ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ይህም በ2010 መጨረሻ ተገለጠ። አባቶች ሆይ፤ ሽማግሌ በአገር የሚከበረው ብዙ ስለሚያስታውስ ነው። የርስትን ወሰን፤ የዕርቅን ቃል፤ የዘርን ሐረግ የሚያስታውሰው እርሱ ነው። ጭስ የሚሰርቀው ይህን ነው።

ለአንዳንድ ክርክር የሚሰጥ መልስ

«ታላላቅ ሊቃውንት ያጨሱ የለምን?» የሚል ይገኛል። እውነት ነው፤ ስመ ጥሩው አይንሽታይን ፒፓ ያጨስ ነበር። የነፍስያን ነገር የመረመረው ፍሮይድም ከሲጃር አይለይም ነበር፤ ነገር ግን በ1923 በአፉ ውስጥ ካንሰር ተገኝቶበት እስከ ሞተበት እስከ 1939 ድረስ ከ30 ጊዜ በላይ እየተቀደደ ኖረ። ዕውቀታቸው ከጭሱ መጣ ማለት፤ ዝናብ የዘነበው ሰው ጃንጥላ ስለ ዘረጋ ነው ማለትን ይመስላል። የአገራችን ልጅ ዳዊትን በቃሉ ሲይዝ፤ የቅኔ ተማሪ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ሲቈጥር፤ የድጓ ተማሪ ስንት ዓመት ሙሉ ዜማ ሲያጠና፤ አሳቡን የሚሰበስበው በፀጥታ፤ በድግግሞሽና በትዕግሥት ነው። ለዚህ ሁሉ ትንባሆ አላስፈለገም።

«ሳቆም አእምሮዬ ይደነዝዛል፤ ስለዚህ ትንባሆ ይጠቅመኛል» የሚልም አለ። መደንዘዙ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ይህ አበዳሪው ዕዳውን ሲጠይቅ የሚሰማው ጩኸት ነው። ጩኸቱ ካቆሙበት ሰዓት ጀምሮ ይነሣል፤ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ይበረታል፤ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። ያን ጊዜ የበዙት ደጃፎች ቁጥር ይቀንሳል፤ አንጎልም ወደ ቀድሞ ሥርዓቱ ይመለሳል። በዚህ መካከል ተስፋ የቈረጠ ሰው ከወንዙ ግማሽ ተሻግሮ እንደሚመለስ መንገደኛ ነው፤ ሁለት ጊዜ ይረጥባል፤ ማዶ ግን አይደርስም።

«እኔ ጥቂት ብቻ ነው የማጨሰው፤ ስፈልግ እተወዋለሁ» ለሚለውም ያባቶቻችን ተረት ይበቃዋል። «የለመደ ልማድ፤ ያሰርቃል ከማድ»።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በአገራችን በ2016፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ በተደረገው ጥናት ከ100 ጎልማሶች ትንባሆ የሚወስዱት 5 ያህል ሆነው ተገኝተዋል። ይህ ቁጥር ከብዙ አገሮች ያነሰ ነው። ነገር ግን ትንሽ ስለ ሆነ ንቀን የምንተወው አይደለም፤ ትንሽ ሳለ ልናጠፋው የሚገባ ነው እንጂ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለእንደዚህ ያለው ጊዜ ነው። መንግሥትም በ2011 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 1112 ትንባሆ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው እንዳይሸጥ፤ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ እንዳይጨስ፤ እንዳይተዋወቅም ከልክሏል። ነገር ግን ከከተማ በራቀ መንደር ሕጉን የሚያስከብረው የመንደሩ ሰው ነው። ስለዚህ እነዚህን እለምናችኋለሁ።

1ኛ። ልጅን ሲጃራ ግዛ ብሎ መላክ፤ ወይም ጋያ ለኩስና አምጣ ማለት ይቅር። ጉዳቱ ከዚህ ሊጀምር ይችላል። ልጅ ሲለኩስ ይስባል፤ ሲስብ ይለምዳል። መምህር ተማሪውን ለዚህ ቢልከው ግን ጥቁር ሰሌዳው ላይ የጻፈውን ትምህርት ሁሉ በገዛ እጁ ይደመስሰዋል።

2ኛ። የሚያጨስ መምህር ቢኖር በትምህርት ቤት አጥር ውስጥና በልጆች ፊት አያጭስ። ይህ ማስመሰል ነው የሚለው ቢኖር፤ አይደለም፤ በሽታው ወደ ሌላው እንዳይተላለፍ የሚጠነቀቅ ሕመምተኛ አስመሳይ አይባልምና።

3ኛ። ባለ ሱቆች ሲጃራ ፍሬ በፍሬ እየቈጠሩ ለልጆች እንዳይሸጡ ሽማግሌዎች ይምከሯቸው። ልጅ ሙሉ ፓኮ የሚገዛበት ገንዘብ የለውም፤ አንድ ፍሬ ግን የእርሳስ መግዣውን ትቶ ይገዛል።

4ኛ። ሲያጨስ የተገኘ ልጅ ቢኖር በሕዝብ ፊት አይዋረድ፤ አይደብደብም። የተዋረደ ልጅ ትንባሆውን አይተውም፤ ትምህርቱን ይተዋል እንጂ። ብቻውን ጠርታችሁ፤ ስለ ሐሰተኛው መልእክተኛና ስለ ከሰሉ ጭስ አስረዱት፤ ልጅ ምክንያቱን ሲያውቅ ይሰማልና።

5ኛ። ለማቆም የሚፈልግ ሰው ቀን ቈርጦ ለቤተ ሰቡ ይንገር። ፓኮውንም ጋያውንም ከቤት ያውጣ። የመጀመሪያዎቹን 3 ቀኖች ከባድ የአሳብ ሥራ በሌለበት ጊዜ ያድርጋቸው፤ መምህር ቢሆን ፈተና በሚታረምበት ሳምንት አይጀምር። ምኞቱ ሲነሣ ውኃ ይጠጣ፤ ጥቂት ይራመድ፤ ከሰው ጋራ ይጫወት፤ ምኞቱ ለደቂቃዎች በርትቶ ያልፋልና። ቢቸግረው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ምክር ይጠይቅ። አንድ ጊዜ ቢወድቅም ደግሞ ይነሣ። ብዙዎች ያቆሙት ከብዙ ሙከራ በኋላ ነው።

6ኛ። ቤተ ሰብና ጎረቤት ደግሞ በዚያ ወር የሚያቆመውን ሰው ቁጣ ይታገሡት። የሚናገረው እርሱ አይደለም፤ ዕዳው ነው።

አባቶች ሆይ፤ ከእናንተ መካከል ጋያ በእጁ ይዞ የሸመገለ ቢኖር፤ ይህን ሁሉ የተናገርሁት ለመንቀፍ አይደለም። በዘመናችሁ ይህን የሚነግራችሁ አልነበረም። ነገር ግን የለንደን ጸሓፊዎች ነገር እንዳስረዳን፤ ለማቆም የረፈደ ጊዜ የለም። አንድ ሽማግሌ በልጆች ፊት ጋያውን ቢያስቀምጥ፤ እኔ ዛሬ ከተናገርሁት ቃል ሁሉ ይልቅ ያ አንድ ሥራ ያስተምራል።

መምህራን ሆይ፤ ለመንደር ልጅ ሀብቱ አእምሮው ነው። አባቱ የሚያወርሰው መሬት እየጠበበ ሄዷል፤ የሚያወርሰው ወርቅም የለው። ያ ልጅ ነገ ሐኪም ወይም መምህር፤ አርሶም የሚያድር ቢሆን አስተዋይ ገበሬ የሚሆነው በዚህ ባለው አንድ ሀብት ነው። እህል በጎተራ ሲገባ ከነቀዝ እንጠብቀዋለን፤ ዕውቀት የሚገባበትንም ጎተራ ከጭስ እንጠብቅ። ይህን የመጠበቅ ሥራ ለእናንተ አደራ ብዬ ንግግሬን እፈጽማለሁ።